የዓሣ ዱቄት ሲጠፋ የጫጩት መኖ ምን ያጣል? የ1972–73 የአንቾቬታ ውድቀት የጉዳይ ጥናት

ከ100 ኪሎ የሥጋ ዶሮ ጫጩት ማስጀመሪያ መኖ ውስጥ 8 ኪሎ የዓሣ ዱቄት አውጥቶ ጎዶሎውን በአኩሪ አተር ፋጉሎ የሞላ ሰው፣ ከረጢቱ ላይ የሚጽፈው የፕሮቲን ቁጥር አይለወጥበትም። 23 በመቶ ነበር፣ 23 በመቶ ይሆናል። ጫጩቱ ግን ሊጠቀምበት ከሚችለው ፎስፈረስ ከሲሶ በላይ፣ ከፕሮቲን አካላት (አሚኖ አሲዶች) አንዱ ከሆነው ከሜታዮኒን ደግሞ አንድ ስድስተኛውን አጥቷል። በአብዛኛው ከዓሣው ይመጣ የነበረው ሴሌኒየምና ቫይታሚን ቢ12ም አብረው ሄደዋል። ከረጢቱ ስለዚህ ምንም አይናገርም።

ይህ ስሌት ከደብተር ወጥቶ በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ የተፈተነው በ1972 እና በ1973 ነው፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በዚያን ጊዜ የዓሣ ዱቄት ከገበያ ጠፋ፣ ምትኩ የነበረው አኩሪ አተርም ወዲያው ተከትሎት እጥረት ውስጥ ገባ። ዛሬ የነፍሳት ዱቄት፣ የባክቴሪያ ፕሮቲን ወይም ሌላ ፋጉሎ ወደ ጫጩት መኖ ሊያስገባ የሚያስብ ሰው የሚገጥመው ጥያቄ በሙሉ ያኔ ተነስቷል።

የአቅርቦቱ ውድቀት

ከፔሩ ጠረፍ የሚወጣው አንቾቬታ የተባለ ትንሽ ዓሣ፣ በአንድ ዝርያ ብቻ ሲቆጠር በዓለም ትልቁ የዓሣ ምርት ነበር። በ1970 የፔሩ ምርት 12 ሚሊዮን ቶን ገደማ ደርሷል። ለሰው ገበታ የሚቀርበው ከዚህ ኢምንት ነው፤ የቀረው ተቀቅሎ፣ ተጨምቆና ደርቆ ዱቄት ይሆናል። ለ1 ቶን ዱቄት ከ4 እስከ 5 ቶን ጥሬ ዓሣ ይፈጃል። ዋነኞቹ ገዢዎች የዶሮና የአሳማ መኖ አቀነባባሪዎች ነበሩ።

በ1972 ኤል ኒኞ ሞቃት ውኃ ወደ ጠረፉ አመጣ። ከጥልቁ የሚወጣውና ለአንቾቬታው ምግብ የሚያፈራው ቀዝቃዛ ውኃ ተዳከመ። ዓሣው ቀደም ብሎም ለዓመታት ከመጠን በላይ ሲታፈስ የኖረ ስለነበር ክምችቱ ድንጋጤውን አልቻለውም። በ1973 ምርቱ ወደ 2 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወረደ፤ በዚያው ዓመት ሜይ ላይ የፔሩ መንግሥት ዘርፉን ወረሰው።

መኖ አቀነባባሪዎች በአንድ ላይ ወደ አኩሪ አተር ዞሩ። ከዓመት በፊት በቡሽል ከ3 እስከ 4 ዶላር ሲሸጥ የነበረው አኩሪ አተር በጁን 1973 ከ12 ዶላር በላይ ወጣ፤ አንድ ቡሽል 27 ኪሎ ገደማ ነው። ለዋጋው መናር የዓሣው መጥፋት ብቻውን ምክንያት አልነበረም፣ በዚያ ወቅት የእህል ገበያው በሙሉ ተናግቶ ነበር፤ ሆኖም ፕሮቲን ፈላጊው ሁሉ አንድ በር ላይ መሰለፉ ነገሩን አባብሶታል። ጁን 27 ቀን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን አስተዳደር አኩሪ አተርን፣ ጥጥ ፍሬንና ተዋጽኦዎቻቸውን ወደ ውጭ መላክ ከለከለ። ከቀናት በኋላ ክልከላው በፈቃድ ሥርዓት ተተካ፣ ወራትም ሳይቆይ ተነሳ። ቢሆንም ከውጭ በሚገባ ፋጉሎ ዶሮ የሚያረባ አገር ሁሉ መኖው በሁለት አገሮች፣ በፔሩና በአሜሪካ፣ እጅ እንደነበረ ተገነዘበ። ጃፓን በኋላ በብራዚል ሴራዶ አካባቢ የአኩሪ አተር ልማት የደገፈችው ይህን ይዛ ነው።

ዓሣው ለምን ገባ?

እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከእህልና ከፋጉሎ ብቻ በተሠራ መኖ ጫጩት በደንብ አያድግም ነበር። ትንሽ የዓሣ ዱቄት፣ የሥጋ ዱቄት ወይም የወተት ተረፈ ምርት ሲገባ ግን ዕድገቱ ይስተካከላል። ምክንያቱ ስላልታወቀ «የእንስሳት ፕሮቲን ፋክተር» ይሉት ነበር። በ1948 ቫይታሚን ቢ12 ተነጥሎ ሲወጣ የምሥጢሩ ትልቁ ክፍል ተፈታ። ከዚያ ሰው ሠራሽ ዲኤል-ሜታዮኒን መጣ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ላይሲን የተባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ በባክቴሪያ ማብላላት ማምረት ተቻለ። ስለዚህ የ1972 መኖ ቀማሪ ያለ ዓሣ ለመሥራት የሚያስፈልገው መሣሪያ በእጁ ነበረ ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ግን ዓሣውን ያስገቡ የነበረው ምን ምን እንደሚሰጣቸው ቆጥረው አልነበረም፤ ሲያስገቡ ዶሮው ስለሚያምርላቸው ነው። ያልተቆጠረ ነገር ሲወጣ ደግሞ ምን እንደጎደለ አይታወቅም።

ጫጩቱ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት

የተፈለፈለ ጫጩት 40 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በ7 ቀን ውስጥ ቢያንስ 4 እጥፍ መሆን አለበት። በሆዱ ይዞት የሚመጣው የአስኳል ከረጢት በ4 እና 5 ቀን ውስጥ ተመጦ ያልቃል። በዚህ ሳምንት ትንሹ አንጀት ከቀረው አካል በላይ በፍጥነት ይረዝማል። ቆሽቱ የሚያመነጨው ኢንዛይምና የሐሞቱ መጠን ግን ገና ዝቅተኛ ነው። 35 ቀን የሞላው ዶሮ ችሎ የሚያሳልፈው መጥፎ ፋጉሎ ጫጩቱን የሚያቀጭጨው በዚህ ምክንያት ነው። በተለይ የጠነከረ የእንስሳ ስብ ለመፍጨት አቅም የለውም፤ ፈሳሽ የአትክልት ዘይት ይሻለዋል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር መጠኑ ነው። አንድ ጫጩት እስከ 10ኛው ቀን የሚበላው ከ250 እስከ 300 ግራም ነው። 8 በመቶ የዓሣ ዱቄት ያለበት መኖ ለ1,000 ጫጩት ለዚህ ጊዜ ቢሰጥ፣ የሚያስፈልገው ዓሣ 24 ኪሎ ቢበዛ ነው። በእጥረት ጊዜ ጥሩ ፕሮቲን ከተገኘ የት መዋል እንዳለበት ይህ ቁጥር ይናገራል። መንጋው ዕድሜውን ሙሉ 2 በመቶ ከሚቀምስ፣ ጫጩቱ 10 ቀን 8 በመቶ ቢበላው ይበልጣል።

ሒሳቡ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ከተለመዱ የመኖ ንጥረ ነገር ሠንጠረዦች እሴት የተሰሉ ናቸው። ለአንቾቬታ ዱቄት 65 በመቶ ፕሮቲን፣ 5 በመቶ ላይሲን፣ 2 በመቶ ሜታዮኒን፣ 3.7 በመቶ ካልሲየምና 2.4 በመቶ ፎስፈረስ ይዘናል። ለተፈለፈለ አኩሪ አተር ፋጉሎ ደግሞ 48 በመቶ ፕሮቲን፣ 2.96 በመቶ ላይሲን፣ 0.67 በመቶ ሜታዮኒንና 0.27 በመቶ ካልሲየም ነው። የፋጉሎው ጠቅላላ ፎስፈረስ 0.6 በመቶ ቢሆንም አብዛኛው ፋይቴት በተባለ፣ ጫጩቱ በቅጡ በማይፈጨው ውሁድ ስለታሰረ፣ ጫጩቱ የሚያገኘው 0.22 ገደማ ብቻ ነው።

ዓሣ ያለበት 100 ኪሎ፦ በቆሎ 62፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎ 26፣ የዓሣ ዱቄት 8፣ ዘይት 1.3፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1.1፣ ዳይካልሲየም ፎስፌት 0.8፣ ጨው 0.2፣ የቫይታሚንና የማዕድን ፕሪሚክስ 0.5፣ ዲኤል-ሜታዮኒን 0.1። ውጤቱ ፕሮቲን 23፣ ላይሲን 1.33፣ ሜታዮኒንና ሲስቲን አንድ ላይ 0.89፣ ካልሲየም 0.97፣ ጥቅም ላይ የሚውል ፎስፈረስ 0.45 በመቶ፣ ኃይል በኪሎ 3,030 ኪሎ ካሎሪ ገደማ።

አሁን ዓሣውን አውጥተን ፕሮቲኑን ብቻ እንተካ። 8 ኪሎ ዓሣ የያዘውንና ከሚነሳው በቆሎ ጋር የሚሄደውን ፕሮቲን ለማግኘት 11.4 ኪሎ ፋጉሎ ያስፈልጋል፤ ትርፉ 3.4 ኪሎ ቦታ ከበቆሎው ይነሳል። በቆሎው 58.6፣ ፋጉሎው 37.4 ሆነ እንበል፤ ሌላው እንዳለ ይቆይ። ፕሮቲኑ 22.9 ነው፣ ልዩነት የለም። ላይሲን ከ1.33 ወደ 1.26፣ ሜታዮኒንና ሲስቲን ከ0.89 ወደ 0.83 ወረዱ። ኃይሉ 40 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ቀነሰ። ይህን ጫጩቱ በዕድገት መዘግየት ሊከፍለው ይችላል። ካልሲየም ግን ከ0.97 ወደ 0.71፣ ፎስፈረስ ከ0.45 ወደ 0.28 ወርደዋል። ይህ መኖ ሪኬትስ የተባለውን የአጥንት መለስለስ በሽታ ያመጣል። በሁለተኛው ሳምንት ጫጩቱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይቀመጣል፣ ምንቃሩ እንደ ጎማ ይታጠፋል። አርቢው የፕሮቲን ምርመራ ቢያስደርግ ውጤቱ «ትክክል» ብሎ ይመለስለታል።

የተስተካከለው እንዲህ ይሆናል፦ በቆሎ 55.1፣ ፋጉሎ 38፣ ዘይት 2.9፣ ዳይካልሲየም ፎስፌት 1.7፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 1.2፣ ጨው 0.33፣ ፕሪሚክስ 0.5፣ ዲኤል-ሜታዮኒን 0.17፣ ላይሲን ሃይድሮክሎራይድ 0.10። ፕሮቲን 22.9፣ ላይሲን 1.35፣ ሜታዮኒንና ሲስቲን 0.895፣ ካልሲየም 0.94፣ ፎስፈረስ 0.44፣ ኃይል 3,030 ገደማ። ዳይካልሲየም ፎስፌቱ ከእጥፍ በላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ጨውም የጨመረው ዓሣው ራሱ ሶዲየም ይዞ ይመጣ ስለነበር ነው። በተገላቢጦሽ ጨዋማ የዓሣ ዱቄት የሚያስገባ ሰው ከቀመሩ ላይ ጨው ካልቀነሰ ጉዝጓዙን ያርሰዋል።

2.9 ኪሎ ዘይት ለመጀመሪያው ሳምንት ይበዛል የሚል ክርክር አለ፤ ክርክሩ ትክክል ይመስለናል። ዘይቱን 2 ኪሎ አድርጎ በቆሎውን 56 ማድረስ ኃይሉን ወደ 2,980 ገደማ ያወርደዋል። ለ10 ቀን ይህን ጎዶሎ መቀበል፣ ጫጩቱ በቅጡ የማይፈጨውን ስብ ከመጨመር ይሻላል።

እነዚህ ቁጥሮች ለዘመኑ ዶሮ ዝቅ ያሉ ናቸው። የአሁን ፈጣን ዝርያዎች ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ከ1.28 እስከ 1.32 በመቶ ተፈጪ ላይሲን ይጠየቅላቸዋል፤ ከላይ የሰፈረው 1.35 ደግሞ ጠቅላላ ነው፣ ተፈጪው ከዚያ ያንሳል። የሒሳቡ አካሄድ ግን ያው ነው።

ከፕሪሚክሱ ጋር የተያያዘው ጣጣ ቀስ ብሎ የሚወጣ ነው። በኪሎ 350 ማይክሮግራም ገደማ ቢ12 ያለው የአንቾቬታ ዱቄት በ8 በመቶ ሲገባ 28 ማይክሮግራም ይሰጣል። የጫጩቱ ፍላጎት 10 ነው፣ በቆሎና ፋጉሎ ግን ምንም የላቸውም። ጫጩቱ ከእናቱ ዕንቁላል የወረሰው ክምችት ስላለና ጉዝጓዝ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም ቢ12 ስለሚሠሩ ጉድለቱ ወዲያው አይታይም። ሴሌኒየም የከፋ ነበር፦ 8 በመቶ ዓሣ በኪሎ መኖ ከሚያስፈልገው 0.15 ሚሊግራም ውስጥ 0.11 ያህሉን ይሸፍን ነበር። አሜሪካ ሴሌኒየምን ወደ ዶሮ መኖ መጨመር የፈቀደችው ደግሞ ገና በ1974 ነው። አፈሩ ሴሌኒየም ባጣበት አካባቢ የበቀለ እህልና ፋጉሎ ብቻ የበላ ጫጩት ከቆዳው ሥር ሰማያዊ አረንጓዴ ውኃ ይቋጥራል፤ ይህ የሴሌኒየምና የቫይታሚን ኢ ጉድለት ምልክት ነው። ኮሊን ግን ብዙ አያሳስብም፣ የተጨመረው ፋጉሎ አብዛኛውን ይተካዋል።

የአኩሪ አተር የራሱ ዕዳ

ፋጉሎው ከ26 ወደ 38 ኪሎ ሲያድግ የያዘው መጥፎ ነገርም አብሮ ያድጋል። የመኖው ፖታሲየም ከ0.76 ወደ 0.92 በመቶ ይወጣል፤ ጫጩቱ ብዙ ይጠጣል። ራፊኖዝና ስታኪዮዝ የተባሉትን ስኳሮች የሚሰብር ኢንዛይም ጫጩቱ የለውም፤ ሳይፈጩ ወደ ታች ወርደው ይቦካሉ። እርጥብ ኩስ፣ የተጣበቀ ኋላ፣ ከዚያም በረጠበ ጉዝጓዝ ላይ የሚቆስል የእግር መዳፍ ይከተላል።

ከሁሉም በላይ ግን የሙቀቱ ጉዳይ ነው። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ ያለው የትሪፕሲን (ፕሮቲን የሚፈጭ የቆሽት ኢንዛይም) ገቺ በሙቀት ካልጠፋ ቆሽቱ ያብጣል፣ ፕሮቲኑም ሳይፈጭ ያልፋል። ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ ላይሲኑ ከስኳር ጋር ተቆራኝቶ ይጠፋል፤ በተለመደው የላብራቶሪ ምርመራ ግን ያለ ይመስላል። ሁለቱን ጫፎች አንድ ምርመራ አይዛቸውም። ዩሪዬዝ የተባለው የአኩሪ አተር ኢንዛይም በሙቀት መጥፋቱን የሚያሳየው ምርመራ የፒኤች ለውጡ ከ0.05 እስከ 0.20 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ማለት ያልበሰለ ነው። ዜሮ ሲሆን ግን በትክክል የበሰለውንና የተቃጠለውን አይለይም። ለዚህኛው በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚሠራው የፕሮቲን ሟሚነት ምርመራ አለ፦ ከ70 በመቶ በታች ከሆነ ተቃጥሏል፣ ከ85 በላይ ከሆነ ጥሬነቱ ያጠራጥራል። በእጥረት ዘመን ከተለያየ ቦታ በተገኘ ፋጉሎ ለሚሠራ ሰው ሁለቱም ለእያንዳንዱ ጭነት መደረግ አለባቸው።

ሌሎቹ እጩዎች

የሥጋና አጥንት ዱቄት በወረቀት ላይ ለዚህ ችግር የተሠራ ይመስላል። 3.5 ኪሎ ብቻ ቢገባ 0.18 በመቶ ፎስፈረስና 0.36 በመቶ ካልሲየም ይሰጣል፤ ዓሣው የወሰደውን ፎስፈረስ ይመልሳል። ነገር ግን ፕሮቲኑ አጥንትና ጅማት ስለሚበዛበት ትሪፕቶፋንና ሜታዮኒን ያንሰዋል። ከ5 ኪሎ ካለፈ ካልሲየሙ ራሱ ሚዛን ያፋልሳል። የአውሮፓ ኅብረት በእብድ ላም በሽታ ምክንያት ከጃንዩዌሪ 2001 ጀምሮ የተቀነባበረ የእንስሳት ፕሮቲንን ለእርባታ እንስሳት ሁሉ ሲያግድ ይህ በር ለዶሮም ተዘጋ። በ2021 የአሳማና የነፍሳት ፕሮቲን ለዶሮ ተመልሶ ተፈቅዷል።

የደም ዱቄት ላይሲኑ 7 በመቶ ገደማ ነው፤ አይሶሉሲኑ ግን 1 በመቶ ገደማ ስለሆነ ከ2 ኪሎ ሲያልፍ ጫጩቱ መብላት ይቀንሳል። የላባ ዱቄት ከ80 በመቶ በላይ «ፕሮቲን» አለው፣ በእንፋሎት ግፊት በቅጡ ካልተቀቀለ ግን አብዛኛው ሳይፈጭ ይወጣል። ሁለቱንም ከጫጩቱ ራቅ አድርጎ ለአደጉት መስጠት ይሻላል።

የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የተባለ መርዝ አለበት፤ ነፃውን ጎሲፖል ለማሰር በክብደት እኩል ብረት በፌረስ ሰልፌት መልክ ይጨመራል። የሱፍ አበባ ፋጉሎ ሜታዮኒኑ ጥሩ፣ ላይሲኑ ደካማ፣ አሰሩ ብዙ ነው። የጎመን ዘር ታሪክ ከዚህ ጊዜ ጋር ይገጣጠማል፦ መራራ ግሉኮሲኖሌቱም ኤሩሲክ አሲዱም ዝቅ ያለ የመጀመሪያው ዝርያ ካናዳ ውስጥ የወጣው በ1974 ነው። ስለዚህ በ1973 የነበረው የጎመን ዘር ፋጉሎ ለጫጩት የሚመከር አልነበረም።

የኦቾሎኒ ፋጉሎን ነገር ማንም አልረሳውም ነበር። በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች አለቁ። በሽታው ስም አጥቶ «ኤክስ» ከተባለ በኋላ ምንጩ ሻጋታ የመታው የኦቾሎኒ ዱቄት ሆኖ ተገኘ፤ አፍላቶክሲን የታወቀው በዚህ አጋጣሚ ነው። የጫጩት ጉበት ከአደገው ዶሮ ይልቅ ቶሎ ይጎዳል። በእጥረት ጊዜ ርካሽ ኦቾሎኒ ያገኘ ሰው ሳያስመረምር ለማስጀመሪያ መኖ መጠቀም የለበትም።

ዓሣው ተመልሶ ሲገባ

ከሌላ ባሕርና ከሌላ ዓሣ የተሠራ ዱቄት ወደ መኖ ሲገባ «ያው የዓሣ ዱቄት ነው» ብሎ መቀበል ምን እንደሚያስከትል የታየው ጃፓን ውስጥ ነው። ጫጩቶች ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ ያስመልሱ ነበር። ሲከፈቱ የአንገት ከረጢታቸው ጥቁር ፈሳሽ ሞልቶታል። ጥሬ የሚፈጨው ጡንቻማ ጨጓራቸው ውስጠኛ ሽፋን ተሰነጣጥቆና ተበልቶ፣ አንዳንዴም ተበስቶ ይገኛል። በሽታው «ጥቁር ትውከት» ተባለ። ጀርም አልነበረበትም።

በ1983 የጃፓን ተመራማሪዎች ከተቃጠለ የማኬሬል ዱቄት ውስጥ መርዙን ነጥለው ጊዜሮሲን አሉት። ከ10 ኪሎ ዱቄት ያወጡት 2 ሚሊግራም ብቻ ነበር። አፈጣጠሩ ሁለት ስህተቶች ሲገናኙ ነው። መጀመሪያ ዓሣው ሳይቀዘቅዝ ይቆያል፤ ሥጋቸው ጠቆር ያሉ እንደ ማኬሬልና ሰርዲን ያሉ ዓሣዎች የበዛ ሂስቲዲን ስላላቸው ባክቴሪያው ወደ ሂስታሚን ይለውጠዋል። ከዚያ ዱቄቱ በቀጥታ እሳት ከ120 ዲግሪ በላይ ይደርቃል፣ ሂስታሚኑም ከላይሲን ጋር ይጣመራል። የተፈጠረው ነገር አሲድ አመንጪው ጨጓራ ላይ ያሉትን የሂስታሚን ተቀባዮች አስነስቶ አሲዱን ያለ ልክ ያስፈስሳል። አሲዱ ወደ ቀጣዩ ጨጓራ ወርዶ ሽፋኑን ይበላል። በመኖው ውስጥ በሚሊዮን 2.2 እጅ ገደማ ሲገኝ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጉዳት ያደርሳል።

የዚህ ዱቄት የፕሮቲን ቁጥር 65 ሊሆን ይችላል። መርዙን ራሱን መለካት ውድ ስለሆነ ገዢው የሚጠይቀው ሂስታሚኑን ነው። በደቡብ አሜሪካ የንግድ ደረጃ ከፍተኛው ደረጃ በኪሎ ከ500 ሚሊግራም በታች፣ ቀጣዩ ከ1,000 በታች ሂስታሚን ይዞ ይሸጣል። ለጫጩት ከመጀመሪያው በታች አንቀበልም ማለት ተገቢ ነው። በእንፋሎት የደረቀ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ እሳት ከደረቀው ይመረጣል። ጥርጣሬ ካለ ቀላል ፈተና አለ፦ ዱቄቱ የገባበትን መኖ ለ20 የአንድ ቀን ጫጩቶች 7 ቀን መስጠት፣ ከ20 ሌሎች ጋር ማነጻጸር፣ በመጨረሻ የመፍጫ ጨጓራቸውን መክፈት። ጤናማው ሽፋን ቢጫ አረንጓዴና ለስላሳ ሲሆን፣ የተጎዳው ሻካራ፣ ስንጥቅጥቅና ጥቁር ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት

እጥረቱ የባክቴሪያና የእርሾ ፕሮቲንን ወደ ፋብሪካ ገፍቷል። በእንግሊዝ ቢሊንግሃም ከሜታኖል ላይ ባክቴሪያ አራብቶ ፕሩቲን የተባለ ከ70 በመቶ በላይ ፕሮቲን ያለው ዱቄት የሚያመርት ግዙፍ ተቋም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሠርቷል። ቴክኒኩ አልከሸፈም፤ የአኩሪ አተር ዋጋ ተመልሶ ሲወርድ ግን መወዳደር አልቻለም። የዛሬዎቹ የነፍሳት ፋብሪካዎች ዕጣም በዋናነት በዚሁ የሚወሰን ይመስለናል።

ጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ዱቄት ሲመጣ ከላይ ያለው ሒሳብ አንድ ተጨማሪ ማጣሪያ ያስፈልገዋል። ላብራቶሪው ናይትሮጅኑን በ6.25 አባዝቶ «55 በመቶ ፕሮቲን» ይላል። ከእጩ ናይትሮጅን ከፊሉ ግን በካይቲን (የነፍሳት ቆዳ በተሠራበት ጠንካራ ነገር) ውስጥ ያለ ስለሆነ ፕሮቲን አይደለም። ለእጮች የተሰላው ማባዣ 4.76 ነው፤ በዚህ ሲሰላ ያው ዱቄት 42 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ ቀመሩ ከአሚኖ አሲድ ምርመራ እንጂ ከከረጢቱ መጀመር የለበትም። ሜታዮኒንና ሲስቲን ቀድሞ የሚያጥረው እዚህም ነው። ካልሲየሙ እንደ እጩ አስተዳደግ በጣም ስለሚለያይ የኖራ ድንጋይ ዱቄቱ በየጭነቱ ይሰላል። ስቡ ያልወጣለት ዱቄት ደግሞ የጠነከረ ስብ ስለሚበዛበት ለመጀመሪያው ሳምንት አይመችም። ስቡ የወጣለትን ከ5 በመቶ ጀምሮ እስከ 10 መሄድ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ጥቅሙ እየቀነሰ ይመጣል።

ቅያሬውን መሥራት

ሜታዮኒን 170 ግራም በ100 ኪሎ ውስጥ በቀጥታ ቢበተን እኩል አይዳረስም። እሱን፣ ላይሲኑን፣ ጨውንና ፕሪሚክሱን በመጀመሪያ ከ5 ኪሎ የተፈጨ በቆሎ ጋር ማደባለቅ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ማስገባት ያስፈልጋል፤ ዘይቱ መጨረሻ ላይ ይረጫል። ምንጩ የተለወጠ ፕሮቲን በመንጋው መካከል አይቀየርም፤ በአዲስ ፍልፍል ይጀመራል፣ ቢቻል ግማሹ ቤት በአሮጌው ይቆያል።

በ7ኛው ቀን ቢያንስ 100 ጫጩት ይመዘናል። ክብደቱ የተፈለፈሉበትን 4 እጥፍ ካልሞላ፣ ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር አብሮ ይነበባል። ምንቃሩ ጠንካራ ሆኖ ጫጩቱ ቀጫጫ ከሆነ አሚኖ አሲዱን ወይም የፋጉሎውን አበሳሰል ይመለከቷል። ምንቃሩ ከተጣጠፈ ፎስፈረሱን፣ ካልሲየሙንና ቫይታሚን ዲን፣ ኋላው ተጣብቆ ጉዝጓዙ ከረጠበ ጨውን፣ ፖታሲየሙንና ጥሬ ፋጉሎን ማየት ነው። ከሞቱት መካከል 5 ተከፍተው የመፍጫ ጨጓራቸውና ቆሽታቸው ይታያል፤ ያበጠ ቆሽት ወደ ዩሪዬዝ ምርመራ፣ የጠቆረ ሽፋን ወደ ዓሣው ደረሰኝ ይመልሳል።

ፔሩ በ2023 የሰሜንና የመካከለኛ ጠረፏን የመጀመሪያ የአንቾቬታ ወቅት ሰርዛለች። ያኔም ኤል ኒኞ ነበር።